ምድጃው ቀላል ነው፣ ነዳጁስ? ጎጃም ውስጥ ለካምፕ ምድጃና መጥበሻ ስትመርጡ

በታኅሣሥ ጮቄ ተራራ ላይ ያደረ ሰው ጠዋቱን ያውቀዋል። ሣሩ ላይ አመዳይ ተነጥፏል፣ ጅብራው ጭጋግ ውስጥ ሰው መስሎ ቆሟል፣ ጣት አልታዘዝ ይላል። አራት ነበርን። ድንኳን አለን፣ ብርድ ልብስ አለን፣ ያቺ በፕላስቲክ ሻንጣ የምትያዝ ባለ አንድ ራስ ቡታጋዝም አለችን። ማታ ሽሮ ሠርታልናለች፣ ምንም አላለችም። ጠዋት ለሻይ ስንለኩሳት ግን እሳቷ ሰማያዊ ሆና ብልጭ አለች፣ ሁለት ደቂቃ ያህል አዘገመች፣ ከዚያ የጧፍ ጫፍ አክላ ጠፋች። ጣሳውን ነቀነቅነው፤ ውስጡ ይንቦጫቦጫል። እንደገና ለኮስን፤ ያው ነው።

በግ እየነዱ የሚያልፉ አንድ አባት ቆም ብለው አዩንና «ምነው ልጆቼ፣ እሳታችሁ ታመመ እንዴ?» አሉን። ቤታቸው ወስደው በኩበት ሻይ አፈሉልን፣ ድንች ቀቀሉልን። ድንቹን እየላጥኩ የገባኝ ነገር ቢኖር ምድጃውን የመረጥነው በክብደቱና በመልኩ መሆኑን ነው። የሚበላውን ነገር፣ ማለትም ነዳጁን፣ ማንም አላሰበበትም። ከዚያ ወዲህ ሰው «የትኛውን ምድጃ ልግዛ?» ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ነዳጁን ምረጥ፣ ምድጃው ራሱ ይከተላል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለቤት ልክ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ግን ጉልቻው ከተሳሳተ ወጥ የሚባል ነገርም የለ።

የጋዝ ጣሳዎቹ

የእኛ እሳት ለምን ታመመ? እዚያች ረጅም ጣሳ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ቡቴን ነው። ቡቴን ጣሳው ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፣ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ነው የሚነደው። በባሕር ጠለል ላይ ከሆነ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል። ተራራ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ትንሽ ይሻለዋል፤ ጣሳው ግን ጋዝ በሰጠ ቁጥር ራሱን በራሱ ያቀዘቅዛል። እኛ ደግሞ ሌሊቱን ውጭ ጥለነው አድረናል። በዚያ ላይ ሊያልቅ የቀረበ ጣሳ ነበር። ስነካው ዙሪያውን በረዶ ይዟል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማታ ጣሳውን እንደ ሕፃን አቅፋችሁ ተኙ። ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ትንሽ ማቆምም ይሠራል። እሳት ዳር ማሞቅ ግን በፍጹም! ይህን ሲያደርግ ያየሁት ሰው አለ፣ እስካሁን ስሙን ስጠራ ይቆጣል።

ሁለተኛው ዓይነት ጣሳ አጭርና ድቡልቡል ነው፣ አናቱ ላይ ጥርስ አለው፣ ምድጃዋ እዚያ ላይ ትጠመዘዛለች። ውስጡ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው፦ አይሶቡቴን እስከ 12 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል። ለብርድ የተሠራ ማለት ይህ ነው። ምድጃዋ ደግሞ 100 ግራም ገደማ ናት፣ ታጥፋ ኪስ ትገባለች። ነፋስ በሌለበት አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ከ15 ግራም ብዙ ያልራቀ ጋዝ ይበቃታል፤ 230 ግራም የሚይዘው ጣሳ ለሁለት ሰው ሁለት ሦስት ቀን ይሄዳል ማለት ነው። በእግር ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

ችግሩ ጣሳው ነው። እኔ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አጥቼዋለሁ። ከውጭ ዘመድ ያመጣልኛል እንዳትሉ፣ የተሞላ የጋዝ ጣሳ በአውሮፕላን አይጫንም፤ በእጅም በሻንጣም አይሆንም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በረራ ላይም ያው ነው። ምድጃዋን ይዞ ጣሳ ማጣት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። አስተማማኝ የጣሳ ምንጭ ካላችሁ ግዟት፣ ከሌላችሁ እለፏት። ረጅሙ ጣሳ ከዚያኛው ይልቅ በየሱፐርማርኬቱ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ባለ ሻንጣዋ ምድጃ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ትመዝናለች፣ መኪና ላላችሁ ግን ምቹ ናት። ደልዳላ ናት፣ ድስት አይወድቅባትም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ሁለቱም የእኛ አገር ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች ናቸው። አንደኛ፣ ባለ ሻንጣዋ ላይ ምጣድ አትጣዱ። ጣሳው ከጎን ባለው ክፍል ነው የተኛው፤ ሰፊ ምጣድ እሱንም ይሸፍንና ሙቀቱን ወደ ታች ይመልስበታል። ጣሳው ከጋለ ይፈነዳል። እንጀራ ካማራችሁ ከቤት ጋግራችሁ ያዙ። ሁለተኛ፣ በጥምዝዟ ምድጃ ዙሪያ የነፋስ መከለያ አድርጋችሁ ሙሉ በሙሉ አትዝጉት። ያኔም ጣሳው ይግላል። ድንጋይ በነፋሱ በኩል ብቻ ደርድሩ፣ በየመሃሉ ጣሳውን በእጃችሁ ዳብሱት። እጅን ካቃጠለ ወዲያው አጥፉ።

ሰማያዊዋ ሲሊንደር

አናቷ ላይ ምድጃ የሚታሰርባት፣ 3 ኪሎ ጋዝ የምትይዘዋ ሲሊንደር የብዙ ቤት ዕቃ ናት። ከብረቷ ጋር ክብደቷ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቀላል ናት ብሎ ማንም አይዋሽም። ግን ትሞላለች፣ ለአሥር ሰው ታበስላለች፣ ትልቅ ድስት ትሸከማለች። ዘንገና ሐይቅ ዳር፣ መኪና ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቅ በሚቆምበት ቦታ፣ ከቤተሰብ ጋር ለምትውሉ ከዚህ የተሻለ አትፈልጉ። ከመነሳታችሁ በፊት መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ከነፋ ጋዝ እየወጣ ነው፣ ጎማው ይቀየር። ከዚህ በላይ ስለእሷ የምለው የለኝም።

ነጭ ጋዝና «ዋይት ጋዝ» አንድ አይደሉም

ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ። ባለ ጠርሙስና ባለ ፓምፕ የፈሳሽ ነዳጅ ምድጃዎች አሉ፤ የድሮው ፕሪሙስ የልጅ ልጆች ናቸው። ፕሪሙስ ራሱ በ1892 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስዊድን ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ የእኛም አያቶች በፓምፕ እየነፉ በመርፌ ቀዳዳውን እየጠረጉ አብስለውበታል። አዲሶቹ ያለ ነዳጁ ግማሽ ኪሎ ይሆናሉ። ብርድ አይገባቸውም፣ ግፊቱን በእጃችሁ ስለምትሰጡት ጮቄም ሆነ ሌላ ቦታ ያው ናቸው።

መመሪያቸው ላይ ግን «ዋይት ጋዝ» ተጠቀሙ ይላል። አንባቢው «ነጭ ጋዝ ማለት ነው» ይልና ከማደያ ነጭ ጋዝ ይቀዳል። የእነሱ ዋይት ጋዝ በጣም የተጣራ፣ እንደ ቤንዚን ቶሎ የሚተን ነዳጅ ነው። የእኛ ነጭ ጋዝ ላምባ ነው፤ ወፍራም፣ በደንብ ካልሞቀ የማይተን። የነዳጁ መውጫ ቀዳዳ (እየተፈታ የሚቀየር ቁራጭ ነው) ለዋይት ጋዝ በተሠራበት ምድጃ ላምባ ስትጨምሩ ቢጫ እሳት ይነሳል፣ ጥቀርሻው ድስቱን፣ እጃችሁን፣ ድንኳኑን ያለብሳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ለላምባ የሚሆን ቀዳዳ አብሮ አለው? ካለው ደህና ነው። ቀዳዳውን ቀይሩ፣ በትንሽ አልኮል አናቱን በደንብ አሙቁ፣ ከዚያ ላምባውን ልቀቁ። ቤንዚን የሚቀበሉም አሉ፣ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክርም። ቤንዚን ቀልድ አያውቅም።

ላምባ አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ከፈሰሰ ሽታው በሶ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። እኛ በሶውን ጥለነዋል። ያን ቀን ቆሎ ብቻ በልተን ዋልን።

አልኮል፣ ዝም ያለው እሳት

አልኮል ምድጃ ማለት በአጭሩ የናስ ወይም የአሉሚኒየም ኩባያ ነው። ፓምፕ የለው፣ ቀዳዳ አይደፈን፣ የሚሰበር ነገር የለው። ክብደቱ 100 ግራም ገደማ ነው። ከለስላሳ ጣሳ ቤት ውስጥ የሚሠሩትም አሉ፣ እኔም ሠርቻለሁ፣ ሦስተኛው ሙከራ ተሳክቷል። 100 ሚሊ ሊትር የያዘ ኩባያ ለ25 ደቂቃ ያህል ይነድዳል። ሽታው አያስቸግርም፣ ቢፈስ ይተናል።

ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው። ኪሎ ለኪሎ ሲመዘን አልኮል ከጋዝ ወይም ከላምባ ወደ ግማሽ ብቻ ሙቀት ይሰጣል። ለሁለት ሰው ሻይና ፓስታ ይበቃል። ክክ ወጥ ልሥራበት ካላችሁ ትዕግሥታችሁ ያልቃል። ነዳጁ የተጣራ አልኮል መሆን አለበት። እጅ የምናጸዳበት ባለ 70 በመቶው ይነድዳል፣ ግን ውሃው ስለሚበዛ እየተንተፋተፈ ነው። ከእኛ ውስጥ አንዱ ዳግም አረቄ ሞክሮበት ነበር። ነደደ ለማለት ያስቸግራል፤ ደግነቱ የተረፈው አልባከነም። ጎጃም ውስጥ አልኮል ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። ዓባይን ተሻግሮ ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካም ከሞላሰስ ኢታኖል ሲያመርት የኖረ ነው። ለማቃጠል የሚሸጠው መርዝ የተቀላቀለበት ስለሆነ ግን ከመጠጥ አርቁት፣ ጠርሙሱ ላይም ጻፉበት።

አደጋው እሳቱ አለመታየቱ ነው። በጠራራ ፀሐይ የአልኮል ነበልባል አይታይም። ጓደኛዬ ጠፍቷል ብሎ ከጠርሙሱ በላዩ ላይ ሲጨምር እሳቱ ጅረቱን ይዞ ወደ እጁ ወጣ። ጠርሙሱን ወረወረ፣ የሹራቡ እጅጌ ተቃጠለ፣ እግዜር አተረፈው። እጃችሁን ከላይ ዘርግታችሁ ሙቀት መኖር አለመኖሩን ሳትለዩ አትሙሉት።

ጭራሮ

ታጣፊ የጭራሮ ምድጃ አራት አምስት ቀጭን ብረት ነው፣ ሲገጣጠም ሳጥን ይሆናል። ነዳጅ አትሸከሙም። ከመንገድ ዳር የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅርፊት ለቅማችሁ ታነድዳላችሁ፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። ለደጋው ቀበሌ ለበጋ እጅግ ጥሩ ነው። ለክረምት ግን እርጥብ እንጨት ስትነፉ ዓይናችሁ ይጠፋል። ጮቄ አናት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ አስታ የሚባለውን የተራራ ዛፍ አትቁረጡ። የወደቀ ደረቅ ነገር ካላገኛችሁ ከገበሬው ኩበት ግዙ፣ ሮብ ገበያ ከተማ ላይ ማገዶ ይዛችሁ ውጡ። አስታ ለማደግ ዕድሜ ይፈጅበታል፣ ለእናንተ አንድ ሻይ ብቻ ነው።

ከሰልና መጥበሻ

ጣና ዳር ከሆናችሁ ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ እርሱት። እዚያ ነገሩ ከሰል ነው። የጎጃም ከሰል ሲነሳ አዊ ይነሳል፤ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት እንደ ሰብል ተክሎ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርጦ ያከስላል። ከተፈጥሮ ደን ከተቆረጠው ይልቅ ይህን ብትገዙ ደስ ይለኛል።

ከቆርቆሮ የተሠራው ተራ ማንደጃ ቀላል ነው፣ ይወድቃል ይነሳል፣ ምንም አይሆንም። ላቀች የምትባለዋ ማንደጃ ውስጧ ሸክላ ስለሆነ ከሰል ትቆጥባለች፣ በአራት አንዱን ታተርፋለች ይባልላታል፤ ለቤት እኔም እሷን ነው የምጠቀመው። ለመንገድ ግን ትከብዳለች። አንዷን በባጃጅ ይዤ ስሄድ ሸክላዋ ለሁለት ተሰነጠቀ። ለካምፕ ቆርቆሮው ይሁን። ፈረንጅ ሠራሽ ታጣፊ ግሪል ያላችሁም ውሰዱት፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታጠፋል፣ ጥሩ ነው። እግሩ አጭር ከሆነ ግን ሣሩን ያቃጥላል፣ ከሥሩ ድንጋይ አድርጉ።

የሚጠበስበት ፍርግርግ ላይ ተጠንቀቁ። አይዝጌ ብረት ምርጥ ነው፤ ተራ ፌሮም ይሆናል፣ ብየዳ ቤት በግማሽ ቀን ይሠሩላችኋል። የአሮጌ ፍሪጅ መደርደሪያ አውጥታችሁ ግን ሥጋ አትጥበሱበት። ዚንክ የተነከረ ሽቦም እንዲሁ። ቅቡ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ለሳምባ ጥሩ አይደለም። ሁለቱም ነፃ ስለሆኑ ሰው ይወዳቸዋል፣ ለዚህ ነው የምደጋግመው።

ዓሣውን ከታንኳ ላይ ከወረደ ሳይቆይ ግዙ። ቆረሶ ይሁን፤ አምባዛ ስቡ ይንጠባጠብና እሳት ያስነሳል። ሆዱን አጽዱ፣ ጎኑን በሰያፍ ሦስት ቦታ ተልትሉት፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ። ከሰሉ ነበልባል እያለው አትቸኩሉ። ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ፣ እጃችሁን ከላይ ይዛችሁ አራት ያህል ስትቆጥሩ ካቃጠላችሁ፣ ያኔ ነው ሰዓቱ። ፍርግርጉን በደንብ አግሉት፣ ግማሽ ሽንኩርት በሹካ ወግታችሁ ዘይት ነክራችሁ ጥረጉት፣ ዓሣውን አስቀምጡና እጃችሁን ሰብስቡ። ቶሎ ልገልብጥ ያለ ሰው ቆዳውን ፍርግርጉ ላይ ትቶት ይነሳል። ራሱ ሲበስል ራሱ ይለቃል። (በፆም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቼዋለሁ፣ በዚህ ጉዳይ ከእናቴ ጋር ተጣልቼ አላውቅም፣ አልጀምርም።)

ግሪል ለመሸከም ለሰነፈ ሰው ደግሞ የሸክላ ጥብሱ ሸክላ አለላችሁ። ከታች ፍም፣ ከላይ ጥብስ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ። ገበያ የሚሸጠው ስለሚሰበር በነጠላ ጠቅልላችሁ ያዙት።

ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ሊጠፋ ነው ቢባልም፣ ረመጥ ብቻ ነው ቢባልም፣ ውጭ ቢዘንብም። የሚገድለው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛ ሰው አይነቃም። በጋዝ ምድጃም ቢሆን ድንኳን ዘግቶ ማብሰል ያው ነው።

ከፍታውን አትርሱ

የትኛውንም ብትይዙ ውሃው ራሱ ይለወጣል። በየ300 ሜትሩ የመፍሊያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ባሕር ዳር 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ደብረ ማርቆስ 92፣ ጮቄ አናት 87። ይንተከተካል፣ ግን አይበስልም። አንዴ ክክ ይዘን ወጥተን ሁለት ሰዓት ቀቅለን እንደ ቆሎ በላነው። ነዳጁን የሚጨርሰው ይህ ነው እንጂ የምድጃው ዓይነት አይደለም። ለላይ ሽሮ፣ የተፈጨ ምስር፣ ፓስታ፣ በቀጭኑ የተከተፈ ድንች ያዙ። ክክ የግድ ከሆነ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ። ክዳን ያለው ድስት ውሰዱ፣ ክዳኑንም አሥር ጊዜ አትክፈቱት። በሶ ደግሞ እሳት አይጠይቅም፣ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

እኔ አሁን የምይዘውን ልንገራችሁ። በእግር ለአንድ ሁለት ሌሊት አልኮል ምድጃና የጭራሮ ሳጥን፤ ሁለቱ አብረው ከአንድ ጫማ ይቀላሉ። ብርድ ላይ ለብዙ ቀን ላምባ የሚቀበል ባለ ፓምፕ። በመኪና ሲሊንደሯን፣ ጣና ከሆነ ማንደጃ ብቻ። ባለ ሻንጣዋን ለእህቴ ሰጥቻታለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ትሠራባታለች፣ ጮቄ ስለማትወስዳት አትታመምባትም።

ጀበና ቀረ። ጀበናን በጥምዝዟ ጋዝ ምድጃ ላይ አትጣዱ። ቂጡ ድቡልቡል ነው፣ ሦስቱ ቀጫጭን እግሮች አይዙትም፣ የተሰበሰበው እሳት ደግሞ ሸክላውን አንድ ቦታ መትቶ ይሰነጥቀዋል። ማንቆርቆሪያ የሚያጽናናው ሰው ካለ ማንቆርቆሪያ ይያዝ። እኛ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ጎኑን በምስማር በሳስተን ትንሽ ማንደጃ አድርገነዋል። ከሰሉ በፌስታል ይያዛል። ለአራት ሰው ከአቦል እስከ በረካ ሦስት እፍኝ በቅቶናል።